ዛፍ ላይ ያለው ሰውዬ፦ የፌርፋክስ ካውንቲ የክሮስቦው አደን

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የቨርጂኒያ ስቴት ወረዳ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፓርክ ውስጥ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው ቀና ቢል ዛፍ ላይ ሰው ሊያይ ይችላል። ሰውየው ቅጠል የሚመስል ልብስ ለብሷል። ከግንዱ ጋር በቀበቶ ታስሯል። ጭኑ ላይ ሠደፍና ቃታ ያለው፣ ከላዩ ስኮፕ የሚሉት የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት ነገር አጋድሟል። ከሩቅ ሲያዩት ጠመንጃ ነው፣ ጠጋ ሲሉ ግን አፈሙዝ የለውም፣ በአፈሙዙ ቦታ አግድም የተጋደመ ደጋን አለ። ክሮስቦው ይሉታል።

ይህ ሰው እብድ አይደለም፣ ሌባም አይደለም። ካውንቲው መዝግቦ፣ ፈትኖ፣ መታወቂያ ሰጥቶት ነው እዚያ የተቀመጠው። ያንኑ ክሮስቦው መኪናው ውስጥ ከትቶ ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ሮክ ክሪክ ፓርክ ገብቶ ዛፍ ላይ ቢወጣ ግን ይታሰራል። ሜሪላንድ ቢሄድ እንደገና ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ደንብ። ኦሪገን ድረስ ቢወስደው ሊያድንበት የሚችልበት አንድም ጫካ አያገኝም። እንግሊዝ አገር ከሆነማ አይታሰብም።

መሣሪያው ያው አንድ ነው። ፍጥነቱም፣ የፍላጻው ስለትም አይለወጥም። ታዲያ ሕጉ ለምን እንዲህ ይገለባበጣል? ብዙ ሰው «አደገኛ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ ነገሩን ሳየው አደገኛነቱ በአብዛኛው ሰበብ ነው የሚመስለኝ። የሚያጣላው ሌላ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከፌርፋክስ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም እዚያ ክሮስቦው የተፈቀደው አደን ስለተወደደ ሳይሆን ሌላ መላ ስለጠፋ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመኪና አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መኸር ላይ አንድ መኪና ከአጋዘን ጋር ተጋጭቶ የካውንቲው ነዋሪ የሆነ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊትም አጋዘን አትክልት በላ፣ መኪና አበላሸ የሚል ስሞታ ነበር። ሰው ሲሞት ግን የካውንቲው ምክር ቤት ዝም ማለት አልቻለም። በ1998 የአጋዘን ቁጥጥር ፕሮግራም ተጀመረ።

እዚያ አካባቢ የሚያሽከረክር አበሻ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የአጋዘን የስሪያ ወቅት ነው። ወንዱ ሴቷን ሲከተል መንገድ ይሁን ጫካ አይለይም። ሲመሽ ከሥራ የምትመለሱበት ሰዓትና አጋዘኖቹ የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ደግሞ ይገጣጠማል። ኡበር የሚሠራ ሰው ጠይቁ፣ ወይ ራሱ ገጭቷል ወይ የገጨ ያውቃል።

ለምን በዙ? ነጭ ጅራት የሚሉት የአሜሪካ አጋዘን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ በአደን ብዛት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ ሕግ ወጣ፣ ከሌላ ቦታም እየመጣ ተለቀቀ፣ ተራባ። በዚያ መሃል ጫካው መንደር ሆነ። እንግዲህ አስቡት፣ ተኩላ የለም፣ የተራራ አንበሳ የለም፣ ሰፈር ስለሆነ ጠመንጃ የሚተኩስ የለም፣ በየቤቱ ጓሮ ደግሞ ውኃ የጠጣ ለምለም አበባ አለ። አንዲት ሴት አጋዘን በዓመት ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ካውንቲው በአንድ ስኩዌር ማይል ከ15 እስከ 20 አጋዘን ቢሆን ጫካው ይችለዋል ይላል። በአንዳንድ ፓርኮች ሲቆጠር ግን ከ40 እስከ 100 እና ከዚያም በላይ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን ጫካው ከሥር ይራቆታል። የዛፍ ችግኝ አያድግም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ይጠፋሉ። አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም።

መጀመሪያ የተሞከረው ጠመንጃ ነው። ፓርክ ተዘግቶ አዳኞች በተወሰነ ቀን ይገባሉ፣ ወይም የፖሊስ አነጣጣሪዎች ሌሊት ገብተው ይተኩሳሉ። ይሄ ዛሬም አለ። ችግሩ ፓርኩ መዘጋት አለበት፣ ፖሊስ መመደብ አለበት፣ ጎረቤቱ የጥይት ድምፅ ሲሰማ ስልኩን ያነሳል። ከሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት ካውንቲ፣ ቤት ከቤት መሃል በተዘረጉ ቀጫጭን የወንዝ ዳር ፓርኮች ውስጥ ይህን በስፋት ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በ2009 መኸር የቀስት ፕሮግራም መጣ። ዛሬ ካውንቲው በፕሮግራሙ ከሚያስወግዳቸው አጋዘኖች አብዛኛዎቹ የሚሞቱት በቀስት ነው።

የቀስት ፕሮግራሙ ደንብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሙሉ ሕጉ የተሠራው «ፍላጻው የት ያርፋል?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው።

አዳኙ መሬት ላይ ቆሞ መወርወር አይችልም። ዛፍ ላይ መውጣት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከላይ ወደ ታች የተወረወረ ፍላጻ ቢስት እንኳ እዚያው መሬት ላይ ይሰካል። ጥይት ግን ከሳተ ማንም አያውቀውም፣ ማይል ሊሄድ ይችላል። የዛፉ መቀመጫ ከሰው ንብረት ድንበር 100 ጫማ፣ ከተሠራ የእግር መንገድ 50 ጫማ መራቅ አለበት። 50 ጫማ ማለት እኮ 15 ሜትር ነው! ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ከጎኑ 15 ሜትር ላይ ሰው ቀስት ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ካውንቲው የሚመልሰው ግን ስቴቱ የአደን ጉዳት መመዝገብ ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ በቀስት አጋዘን የሚያድን ሰው መንገደኛ አቁስሎ አያውቅም ብሎ ነው። ፓርኮቹም ለዚህ ነው ሳይዘጉ የሚቆዩት። መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ በቃ። አደኑ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ይጀምርና ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ያበቃል። እሑድ የለም።

ማንም ተነስቶ መግባት አይችልም። የስቴቱ የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ የአደን ደኅንነት ትምህርት አለ። ከዚያ በላይ ካውንቲው የቀስት አዳኞች ኮርስ ይጠይቃል፣ ዒላማ ላይ አስወርውሮ ይፈትናል፣ የወንጀል ታሪክ ያጣራል። ከዚያ በቡድን ይመደባሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ፓርክ አለው። የወንጀል ማጣራቱ ከሱቁ ጋር ሲታይ ያስገርማል። ክሮስቦው በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ አይባልም። ሱቅ ገብቶ ለመግዛት ጠመንጃ ሲገዛ የሚሞላው ፎርም የለም፣ ማጣሪያም የለም። ሱቁ ያልጠየቀውን ፓርኩ ይጠይቃል።

ሌላ አንድ ደንብ አለ፣ እሱ ደግሞ የስቴቱ ነው። አዳኝ ሁሉ የሚፈልገው ትልቅ ቀንድ ያለውን ወንድ ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነዋ። ወንድ ብቻ ቢገደል ግን ቁጥሩ አይቀንስም፣ የቀረው አንድ ወንድ ሁሉንም ሴቶች ያስረግዛል። ስለዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ ሁለተኛ ቀንዳም ለመግደል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቀንድ የሌለው አጋዘን መግደል አለበት። ይህን ያወጣው ሰው የአዳኝን ልብ በደንብ ያውቃል።

አሁን ወደ ክሮስቦው እንምጣ። ቨርጂኒያ ክሮስቦውን ለማንኛውም አዳኝ የፈቀደችው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቹ ስቴቶች ትከሻው ወይም እጁ ችግር ላለበት ሰው ነበር የሚፈቀደው። የፌርፋክስ ፕሮግራም ሲጀመር እንግዲህ ጥያቄው አስቀድሞ ተመልሶ ነበር።

ተራ ቀስት የሚወረውር ሰው ገመዱን በእጁ ስቦ፣ አጋዘኑ እስኪዞርለት ድረስ ስቦ እንደያዘ መቆየት አለበት። ጡንቻ ይፈልጋል፣ የወራት ልምምድ ይፈልጋል። ሲስብ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ አጋዘን ደግሞ እንቅስቃሴ ያያል። ክሮስቦው ላይ ገመዱ አስቀድሞ ተስቦ በመንጠቆ ተይዟል። ሰውየው ስኮፕ ውስጥ አይቶ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው። ጀማሪ ሰው በጥቂት ቀን ልምምድ 30 ያርድ ላይ ዒላማ መምታት ይችላል። ፍላጻው በሰከንድ 300፣ 400 ጫማ እና ከዚያም በላይ ይበራል። ግን እንደ ጠመንጃ አይደለም። ከ40፣ 50 ያርድ በላይ ፍላጻው ይወርዳል፣ አጋዘኑም የገመዱን ድምፅ ሰምቶ ጎንበስ ይላል። ሁለተኛ ዕድልም የለም ማለት ይቻላል። እንደገና ገመዱን እስኪስብ አጋዘኑ ሌላ ሰፈር ደርሷል።

ለካውንቲው ይሄ ጥሩ ዜና ነው። የሚፈልገው አጋዘን እንዲቀንስ ነው፣ ማን በምን ጀግንነት ገደለው የሚለው አያሳስበውም። ጥሩ የሚያነጣጥር ሰው ይበዛለታል፣ የቆሰለ ሆኖ የሚሸሽ አጋዘን ይቀንስለታል።

ስለቆሰለ አጋዘን ካነሳን፣ ፌርፋክስ ውስጥ ዋናው ጠብ ያለው እዚህ ነው። በፍላጻ የተመታ አጋዘን፣ ልቡን ወይም ሳንባውን ቢመታም እንኳ፣ እዚያው አይወድቅም። ይሮጣል። 100 ያርድ ሊሮጥ ይችላል። በፌርፋክስ ፓርክ ውስጥ 100 ያርድ ማለት የሰው ጓሮ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃ ሲከፍት የልጆቹ ዥዋዥዌ ሥር ጎኑ ላይ ፍላጻ የተሰካበት አጋዘን ወድቆ ሊያገኝ ይችላል። አዳኙ ደግሞ አጋዘኑ የሱ ስለሆነ ብቻ አጥር መዝለል አይችልም። ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በር ማንኳኳት አለበት፣ ፊቱን ቀብቶ፣ ደም የነካው ልብስ ለብሶ። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ በሩን ዘግቶ ፖሊስ ይጠራል። ፕሮግራሙን የሚቃወሙ ሰዎች ከሚያነሱት ሁሉ ይሄ ጠንካራው ነው። አጋዘን ቢያንስ ደግ የሆነ ሞት ይገባዋል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ በመኪና ተገጭቶ እግሩ ተሰብሮ መንገድ ዳር ሁለት ቀን የሚያጣጥረውስ ይላሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ ነው የማስበው፣ ግን ሁለተኛውን በዓይኔ ስላየሁት ወደዚያ ያደላል ልቤ።

ድንበርን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር። ቨርጂኒያ ውስጥ ዛፍ ላይ ሐምራዊ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ «ይህ የግል መሬት ነው፣ አትግቡ» ማለት ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል። መልእክቱ ያው ነው።

እስኪ የፌርፋክስን ጎረቤቶች እንይ። ሁሉም ያው አጋዘን ነው ያላቸው፣ አንዳንዴም ራሱ አጋዘኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከሁሉ የሚቀርበው ፌርፋክስ ከተማ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ካውንቲው አይደለም፣ ካውንቲው መሃል ላይ ያለ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ከተማው በ2014 አጋዘን ከመግደል ይልቅ ማምከን ይሻላል ብሎ ሞከረ። ሴቶቹን አጋዘኖች በማደንዘዣ ፍላጻ እየመቱ፣ ኦፕራሲዮን አድርገው እንቁላል ማምረቻቸውን አውጥተው መልሰው ለቀቋቸው። ይሄ እንግዲህ ከአንድ መንገድ ወዲህ ያለው አጋዘን ሲታደን ወዲያ ማዶ ያለው ኦፕራሲዮን ይደረጋል ማለት ነው። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይሠራ ይሆናል። ለ400 ስኩዌር ማይል ገደማ ካውንቲ ግን ማን ይከፍለዋል?

ዲሲ ውስጥ አደን የሚባል የለም። ሮክ ክሪክ የፌዴራል መሬት ነው፣ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ነው። እነሱም ያው አጋዘን በዝቶባቸው በ2012 ዕቅድ አወጡ፣ በ2013 መጋቢት ላይ አነጣጣሪዎች ሌሊት አስገብተው መተኮስ ጀመሩ። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ከሰሷቸው፣ ፍርድ ቤቱ ለፓርኩ ፈረደ፣ ይግባኙም አልተሳካም። ሥጋው ለምጽዋት ይሄዳል። ይሄ በጣም የሚደንቀኝ ነው። ዋና ከተማው መሃል፣ ኤምባሲዎች አጠገብ በጠመንጃ ይተኮሳል፣ ግን ተኳሹ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ አደን አይባልም። አንድ ነዋሪ ግን በዚያው ፓርክ ክሮስቦው ይዞ ቢገኝ ወንጀል ነው። ስለዚህ ክልከላው ስለመሣሪያው ነው ማለት ይከብዳል። ስለያዡ ነው።

ሜሪላንድ ክሮስቦውን በቀስት ወቅት፣ ማለትም ጠመንጃ ሳይገባ በቀስት በሚታደንበት ጊዜ፣ ትፈቅዳለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንጎመሪ ካውንቲ ፓርኮችም ለዓመታት በመናፈሻ ፖሊስ አነጣጣሪ ሲሠሩ ቆይተው በ2015 የቀስት አደን በሁለት ፓርኮች ሞክረው አስገቡ። ሜሪላንድ ላይ ግን ከቤት መራቅ ያለብህ ርቀት ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፣ እሑድ ማደን መቻልህም እንደ ካውንቲው ነው። ስለዚህ እዚያ የሚያድን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ካርታውን ነው።

እስካሁን ያየነው ሁሉ በጎረቤት ደኅንነት ሊብራራ ይችላል። ከዚህ ራቅ ስንል ነው ሌላው ነገር የሚገለጠው።

ፔንሲልቬኒያ ውሰዱ። እስከ 2009 ድረስ በቀስት ወቅት ክሮስቦው የሚፈቀደው ለአካል ጉዳተኞችና በፊላደልፊያና በፒትስበርግ ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች ነበር። አስተውሉ፣ ሰው በሚበዛበት ከተማ ዙሪያ ተፈቅዶ፣ ሰው በሌለበት ተራራ ግን ተከልክሏል። አደጋ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ፣ ተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት! በ2009 የስቴቱ የአደን ኮሚሽን ለሁሉም ሲፈቅድ አጥብቀው የተቃወሙት እናቶች ወይም የእንስሳት ተከራካሪዎች አልነበሩም። የቀስት አዳኞች ማኅበር ነው የተቃወመው። «ዩናይትድ ቦውሃንተርስ ኦፍ ፔንሲልቬኒያ» የሚባሉት።

ለምን ቢባል፣ የቀስት ወቅት ከጠመንጃው ወቅት ይቀድማል፣ ደግሞም ይረዝማል። ጫካው ፀጥ ያለ ነው፣ አጋዘኑ ገና አልደነገጠም፣ የስሪያው ወቅትም እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ወቅት የቀስት ሰዎች በስንት ዓመት ትግል ከመንግሥት ያገኙት ነው፣ የተሰጣቸውም «ቀስት ከባድ ነው፣ ብዙ አትገድሉም» ተብሎ ነው። አሁን ከሱቅ ክሮስቦው ገዝቶ በሳምንቱ የሚመጣ ሰው እነሱ ተሰልፈው ያገኙት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ነው። ሰልፍ ላይ ጣልቃ የሚገባ ሰው እንዴት እንደሚያበሽቅ እኛ አበሾች እናውቃለን፣ ለዳቦም ለስኳርም ተሰልፈን አይተነዋል። ጠቡ ስለወቅት ነው፣ ስለተራ።

ይህን ይዛችሁ የስቴቶቹን ሕግ ብታዩ ብዙው ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ኮሎራዶ ክሮስቦውን አልከለከለችም፣ ግን በቀስት ወቅት አታስገባውም፣ ከጠመንጃዎቹ ጋር ሂድ ትለዋለች። ቨርሞንት ለዓመታት 50 ዓመት ከሞላህ ትችላለህ ስትል ቆይታለች። ሚኔሶታ ለረጅም ጊዜ 60 ዓመት የሞላውን ወይም አካል ጉዳተኛውን ብቻ ስታስገባ ኖራ በ2023 ለሁሉም ከፈተችው። ማሳቹሴትስ ለዓመታት ቋሚ የአካል ጉዳት ላለው ሰው በልዩ ፈቃድ ብቻ ስትሰጥ ቆይታለች። ዕድሜና ጉዳት ከአደጋ ጋር ምን አገናኛቸው? የ60 ዓመት ሰው የወረወረው ፍላጻ የ30 ዓመቱ ከወረወረው አይለይም። «ተራ ቀስት መሳብ ለማይችል ሰው እናዝንለታለን፣ ለሚችለው ግን አንፈቅድም» ማለታቸው ነው። ኦሃዮ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምራ ፈቅዳ፣ ሌሎቹ ገና ሲከራከሩ እሷ ለምዳዋለች። ሌላ ቦታ «አጋዘኑን ይጨርሱታል» ተብሎ ሲፈራ የኦሃዮ አጋዘን ግን አላለቀም። በሌላው ጫፍ ኦሪገን ናት። ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፣ በየትኛውም ወቅት፣ ለማንም።

አውሮፓ ስትሄዱ ክርክሩ ራሱ ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ መመሪያ ላይ የተከለከሉ የአደን ዘዴዎች ዝርዝር አለ። ክሮስቦው እዚያ ውስጥ ከመርዝና ከፈንጂ ጋር ተጽፏል። ፈረንሳይ ከ1995 ጀምሮ ስልጠና ለወሰደ ሰው ተራ ቀስት ፈቅዳለች፣ ክሮስቦው ግን የለም። ጣሊያንም ተራውን ቀስት ትፈቅዳለች። ጀርመን አጋዘንን በምንም ዓይነት ፍላጻ መምታት ትከለክላለች፣ ክሮስቦውን ገዝቶ ዒላማ መለማመድ ግን 18 ዓመት ለሞላው ሰው ይቻላል። እንግሊዝ በ1981 የዱር እንስሳት ሕጓ የዱር እንስሳን በደጋንም በክሮስቦውም መግደልን ከልክላለች። እዚያ የቀስት ወቅት የለም፣ ተራ የሚጠብቅ የቀስት አዳኝ ማኅበርም እንደ አሜሪካ የለም። እንደሚመስለኝ የሚፈሩት ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነው፣ በሌሊት የሰው ጫካ ገብቶ ሳይሰማ ገድሎ የሚወጣውን። የሚገርመው ፌርፋክስ ክሮስቦውን የወደደችው በዚያው ምክንያት ነው። ድምፅ ስለሌለው።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይሄ ሁሉ ግር ይላል። እኛ ጋ አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 በፈቃድ የተያዘ ነው፣ ሕጋዊ አዳኝ ሲባልም ባሌ ወይም አርሲ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ የሚመጣ ፈረንጅ ነው በዓይናችን የሚመጣው። እዚህ የቨርጂኒያ ነዋሪ ከመቶ ዶላር በታች ከፍሎ የዓመት ፈቃድ ያወጣል። የደጋ አጋዘን እንዳይጠፋ የሚጠበቅ ነው፣ ይሄኛው እንዳይበዛ የሚገደል። ስለዚህ «አጋዘን ገደሉ» ሲባል እኛና የቨርጂኒያ ሰው የምናስበው የተለያየ ነው።

ሥጋውስ? ይሄን የማይጠይቅ አበሻ የለም። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ በዚያ በኩል ችግር የለውም። ግን ማን ባረከው? ዛፍ ላይ ያለው ሰውዬ በስመ አብ ብሎ አልወረወረም፣ ቢስሚላህም አላለም። የማውቃቸው እናቶች ገና ሳይጨርሱልኝ «ወዲያ!» ነው የሚሉት። ልጆቻቸው ግን በርገሩን በልተው «ትንሽ ይደርቃል እንጂ ጥሩ ነው» ብለውኛል። አዳኙ የማይበላው ከሆነ «ሃንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ» ለሚባለው፣ ከ1991 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚሠራው ድርጅት ይሰጠዋል፣ እነሱ አስፈጭተው አሽገው ለችግረኞች ምግብ ለሚያድለው ፉድ ባንክ ያከፋፍሉታል።

በልታችሁ የምታውቁ ወይም ወዳጅ የሚሰጣችሁ ከሆነ ግን አንድ ነገር እወቁ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል አንጎል የሚያጠቃ፣ መድኃኒት የሌለው የአጋዘን በሽታ ሰሜን ቨርጂኒያ ገብቷል፣ ፌርፋክስም ውስጥ ተገኝቷል። ሰው እንደያዘ የተረጋገጠ ነገር የለም። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ግን በሽታው ካለበት አካባቢ የተገደለ አጋዘን ከመበላቱ በፊት ይመርመር፣ ከተገኘበት አይበላ ይላል። በዚህ በሽታ ምክንያት የመጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አለ፣ እሱም ከክሮስቦው ሕግ ይልቅ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጥሰው ነው። ፌርፋክስ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ፣ በሕጋዊ ክሮስቦው የተገደለ አጋዘን ሙሉውን መኪና ላይ ጭኖ ሜሪላንድ ላለ ወንድም ማድረስ አይቻልም። አንጎሉና አከርካሪው በሽታውን ስለሚያሻግር እዚያው ይቀራል። ድልድዩን የሚሻገረው ከአጥንት የተለየ ሥጋ፣ የተገፈፈ ቆዳና የጸዳ ቀንድ ነው።